ከአያ አዳነ ማሳ በላይ ያለው ውኃ

«ጥላሽን አየሁት ከውኃው ላይ ተኝቶ፣
እንዳልቀሰቅሰው... እምም... እምም... ፈርቶ።»

የሻው ይህን ዘፈን ሲያንጎራጉር ከሁለተኛው ስንኝ መሐል ሁልጊዜ ቃል ይጎድለዋል። ከሰርግ ቤት ይሁን ከጠጅ ቤት፣ የት እንደሰማው አያስታውስም። ቃሉ በጠፋበት ቦታ ከንፈሩን ገጥሞ «እምም» ይልና ያልፈዋል፤ ዜማው ግን ጠብታ ሳይጎድለው ሙሉ ነው። ጎንደር አራዳ ውስጥ ካለችው ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ ሲሰፋ፣ የሻንጣ ዚፕ ሲቀይር፣ መርፌው ከወፍራም ቆዳ ጋር ሲታገል የሚያወጣው ይህንኑ ዜማ ነው። ደንበኞቹ ዜማውን ከሰሙ ሥራው እንደተቃናለት ያውቃሉ።

በዚያ የታኅሣሥ ጠዋት ግን ምንም አልተቃናለትም። ዜማው ከጥርሶቹ መሐል እየተጨመቀ ነበር የሚወጣው። ከጠዳ በላይ፣ ሰዉ «አዲሱ ውኃ» ከሚለው የመስኖ ግድብ ዳር ቆሟል። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቷል፤ ከውኃው ላይ ጉም እንደ ተበጠበጠ አብሽ ነጭ ሆኖ ይንሳፈፋል። በእጁ የሸምበቆ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ የቦርሳ መስፊያ የናይሎን ክር፣ በክሩ መሐል ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጦ የሠራው ተንሳፋፊ አለ። ተንሳፋፊው ከወረወረው ጊዜ ጀምሮ አልነቃነቅም ብሎ ተኝቷል። ከሥሩ፣ ክሩ ወርዶ ወርዶ በቆመበት ጨለማ ውስጥ፣ ግድቡ የዋጠው የአባቱ የአያ አምሐ ጥቁር አፈር አለ።

«ምነው?» አለ የሻው ውኃውን። «ምነው አንዲት እንኳ? አንዲት?»

ዘንጉን ነቅነቅ አደረገ፤ ተንሳፋፊው ተመልሶ ተኛ።

የሻው ዓሣ አጥማጅ ሆኖ አልተወለደም። በዚህ አገር የሚወለድም የለም፤ ገበሬው ከውኃ የሚፈልገው ለከብትና ለእህል ነው። አንድ ጊዜ ለመንገድ ሠራተኞች የሰፋውን ሻንጣ ሊያደርስ ጎርጎራ ወርዶ የጣና አጥማጆችን አየና ልቡ እዚያው ቀረ። የውኃውን ዝምታ ወደደው። ዘፈን ከመጀመሩ በፊት አዝማሪው ማሲንቆውን ሲቃኝ ቤቱ ጸጥ እንደሚለው፣ ከውኃው በታችም አንድ ነገር ሊጀምር የተቃረበ መሰለው። መንጠቆ ገዝቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ በሚኒባስ ጠዳ ይወርዳል፤ ከጠዳ ዳገቱን በእግሩ ይወጣና እህቱ የትነበርሽ ከአባታቸው ጋር ከምትኖርበት ቤት አረፍ ብሎ ወደ ግድቡ ይወርዳል።

ውኃውንም ቀስ በቀስ ተምሮት ነበር። ከግድቡ ግንብ ሥር፣ ጭቃው በጠለቀበት፣ ጢማሙ አምባዛ አለ፤ የዶሮ አንጀት ሲሸተው መንጠቆውን ከነክሩ ሊውጥ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ውኃው ሳሳ ይላል፤ እዚያ ደግሞ ከሰመጠው የድንጋይ ካብ ዙሪያ ቀረሶ የሚሉት ቅርፊታም ዓሣ ይውላል። ቀረሶ ጠዋት ብርድ ይፈራል። ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀችው በኋላ ይወጣና ከድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ልጋግ እየላሰ ይዞራል። አፉ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ፣ ከሽምብራ ፍሬ ያልበለጠ ምግብ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሻው ለደስታው ብሎ ነበር የተማረው። ሲይዝ ይስቃል፤ ሳይዝ ሲቀር ያንጎራጉርና ይመለሳል።

ደስታው ግዴታ የሆነው አባቱ ሲታመሙ ነው።

አያ አምሐ ሆዳቸውን ተቀደዱ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ሸጋ መሆኑን ተናግሮ ሲያበቃ፣ «ደምዎ ግን አንሷል፤ ሥጋ ይብሉ፣ እንቁላል፣ ወተት» ብሎ ሸኛቸው። ቤት በገቡ ማግስት ጾመ ነቢያት ገባ። የነፍስ አባታቸው መጥተው፣ ለሕመምተኛ እንደሚፈቀድ ነግረው፣ ባርከው ሄዱ። አያ አምሐ መስቀላቸውን ተሳልመው ከሸኙ በኋላ የቀረበላቸውን ወተት ለድመት ስጡት አሉ።

«አባዬ፣ ተፈቅዶልዎታል እኮ!» አለ የሻው።

«ተፈቅዶልኛል። አልፈለግሁም።»

«ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ ሆዴን ቀደደ፤ አመሰግነዋለሁ። ጾሜን ግን አይቀድም።»

አንድ ሰሞን በሽሮና በጎመን ከረሙ። ሰውነታቸው ከጋቢያቸው ውስጥ እየተነነ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከአልጋ እስከ በር ለመሄድ ግድግዳ ይዳብሳሉ፤ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ለመሞቅ ሲወጡ የትነበርሽ ከኋላ እጇን ዘርግታ ትከተላለች። ቁስላቸውም አልጠግ አለ። ሐኪሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያያቸው የሻውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ እንዲህ ከቀጠሉ ቁስሉ ተመልሶ ሊከፈት እንደሚችል ነገረው። የሻው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁን ዘግቶ ከአባቱ ቤት ሰነበተ።

ዓሣን ያሰበችው የትነበርሽ ናት። የነፍስ አባታቸው «በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል» አሉ። አያ አምሐም ጥቂት አሰቡና፣ «ዓሣ ከሆነ ይሁን» አሉ። የሻው የዚያን ዕለት ከደስታው ብዛት ዳገቱን በሩጫ ወርዶ፣ በሚኒባስ ጎንደር ፒያሳ ሄዶ ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ ገዝቶ መጣ። የትነበርሽ ጠብሳ አቀረበች።

አያ አምሐ ዓሣውን አዩት። «በምን ያዙት?» አሉ።

«እ?»

«ሲይዙት ምን አበሉት?»

«እኔ ምን አውቄ አባዬ! በመረብ ይሆናል፣ በመንጠቆ ይሆናል...»

«በመንጠቆ ከሆነ ምን ሰክተውበት ነበር? ሥጋ ይሆናል፤ አንጀት ይሆናል። እኔ ሥጋ አልበላም ብዬ ሥጋ የዋጠውን ልዋጥ?» ብለው ሰሃኑን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

የሻው እህቱን አያት። እህቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ጣራውን ታያለች፤ ትስቅ ታልቅስ አይታወቅም።

እንግዲህ መከራው ከዚህ ይጀምራል። የሻው ራሱ ሊያጠምድ ወረደ። በመጀመሪያ ከግንቡ ሥር በዳቦ ቁራሽ ቆንጆ አምባዛ ያዘ። አያ አምሐ ገና ከበሩ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ እሳቸው ቤት ገብቶ አያውቅም። እሺ፤ ቀረሶ ይሁን። ቀረሶን ለማባበል ከጓሮው እርጥብ አፈር ትል ቆፍሮ ያዘና ከመውጣቱ በፊት፣ ጥንቃቄ አይከፋም ብሎ፣ አባቱን ጠየቀ።

«ትል?» አሉ አያ አምሐ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው። «በጾም ቀን ትል አብልተህ የያዝከውን?»

«ትል ምን አለበት?»

«ደም አለው የለውም?»

«ዓሣውስ ራሱ ደም የለውም እንዴ?»

«ዓሣው የተፈቀደ ነው። ትሉን ማን ፈቀደው?»

«አባዬ! እዚያ ውኃ ውስጥ እስከ ዛሬ ሲበላ የኖረው ትል አይደለም? ሽሮ ሠርቶ የሚያቀርብለት ያለ ይመስልዎታል?»

«በገዛ አፉ ለቅሞ የበላው የራሱ ጉዳይ ነው። አንተ ያጎረስከው ግን ያንተ ነው። ያንተ ከሆነ ደግሞ እኔ ጋ ይደርሳል።»

የሻው የትሉን ጣሳ ይዞ ወጣና አፈሩ ላይ ገለበጠው። ትሎቹ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያን ዕለት ከግድቡ ዳር ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ፣ በውጭ አገር ሰዎች በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ቆመው፣ በረዶውን በመሣሪያ ፈልፍለው በቀዳዳው ዓሣ ሲያወጡ አየ። ወፍራም ካፖርት ለብሰው ይስቃሉ። ቀዳዳውን የት እንደሚፈለፍሉ፣ ምን እንደሚሰኩበት እርስ በርስ ይመካከራሉ። የሻው ስልኩን ትክ ብሎ አየው። «እናንተማ ምን አለባችሁ» አላቸው። «የሚያስቸግራችሁ በረዶው ብቻ ነው። በቀዳዳው የወጣውን ዓሣ ምን በልተህ መጣህ ብሎ የሚመረምር አባት የላችሁ!»

የጾም ምግብ ሁሉ ሞከረ። የጤፍ ሊጥ ውኃ ሲነካው ሟሟ። የተቀቀለ ሽምብራ ከመንጠቆው እየተሰነጠቀ ወደቀ። በሶ አቦካ፤ በሶው ተንሳፍፎ ለዳክዬዎች ቀለብ ሆነ። በመጨረሻ የትነበርሽ፣ «ተልባ አይይዝም እንዴ? ተልባ ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ነው» አለችው። የተቆላ ተልባ ወቅጣ ከሽሮ ዱቄት ጋር አቦካችለት። ሊጡ ከጣት አልላቀቅም አለ። ከመንጠቆውም አልተላቀቀም። የሻው በምሥራቅ በኩል፣ ከካቡ ዙሪያ፣ ፀሐይዋ ድንጋዩን ስታሞቀው ጠብቆ ወረወረ፤ ተንሳፋፊው አንድ ጊዜ አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ጥልቅ አለ። ሦስት ቀረሶ! ሦስቱም እንደ ብር የሚያበሩ። ዳገቱን የወጣው በዘፈን ነው።

የትነበርሽ በኑግ ዘይት ጠብሳ፣ ሎሚ ጨምቃ አቀረበች። አያ አምሐ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። «በምን?»

«በተልባና በሽሮ!» አለ የሻው እንደ ጀግና ቆሞ።

«ሸጋ።» እጃቸውን ወደ ሰሃኑ ዘረጉ። ጣታቸው ዓሣውን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። «የት ያዝከው?»

«ከካቡ ሥር።»

«የቱ ካብ?»

«ያው ካቡ ነዋ፣ በምሥራቅ...»

እጁ ተመለሰ። ጋቢው ውስጥ ገባ። ሰሃኑም ተገፋ።

«ካቡ የአዳነ ነው» አሉ አያ አምሐ፣ የቀድሞ የማሳ ድንበርተኛቸውን ስም ጠርተው። «ከሰው ማሳ ላይ ሳያስፈቅዱ የወሰዱት ነገር፣ እህል ይሁን ዓሣ፣ ከእኔ ጉሮሮ አይወርድም።»

የሻው የተገፋውን ሰሃን መልሶ አስጠጋ። ማሳው ከውኃ በታች ነው። ግድቡ ሲሞላ የሁሉም ማሳ፣ የእሳቸውም፣ የአያ አዳነም፣ ሰምጦ ሁሉም ካሣ ተቀብሎ ተለያየ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ማሳ ላይ የሚያርስ ነፋስ ብቻ ነው።

«አባዬ» አለ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ፣ ሰው ሊጮኽ ሲል እንደሚያደርገው፣ «ድንበሩ እኮ ውኃ ውስጥ ነው!»

«ድንበር ውኃ ውስጥ ገባ ተብሎ አይሟሟም። በሶ መሰለህ?»

«ታዲያ የት ልያዝ?»

የአያ አምሐ ዓይን ያን ጊዜ በራ። «የራሳችን ማሳ ምን ሆነና? ያ ጥቁር አፈር! ጤፍ ዘራሁበት፣ ጤፍ ሰጠኝ። ሽምብራ ዘራሁበት፣ ተሸክሜ አልጨርስ አልሁ። የአዳነ ድንጋይ ዓሣ ካበቀለ የኔ ጥቁር አፈር ምን ሊያበቅል ነው? ሾላው ከነበረበት ወደ ታች ሂድ። እዚያ ጣል።»

የሻው ያን ማሳ ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ ወፍ የጠበቀበት ነው። የሸለቆው ሆድ ነበር፤ ደለሉ ሁሉ የሚያርፍበት፣ ለምለሙ። ለምለም የነበረበት ምክንያትም ዝቅ ማለቱ ነው። አሁን ደግሞ ዝቅ በማለቱ የግድቡ ጥልቁ፣ ጨለማው፣ ፀሐይ ከሥሩ የማትደርስበት ቀዝቃዛው ክፍል ሆኗል። የአያ አዳነ ማሳ ግን ተረተር ነው፣ ድንጋያም፤ አያ አምሐ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያላግጡበት የኖሩት። እንዲያም ሆኖ ከካቡ ሥር ስላለችው ቁራሽ መሬት ሁለቱ ሽማግሌዎች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተጓትተዋል፤ ዳኛ ተቀያየረ፣ እነሱ አልተቀያየሩም። ፍርዱ ሳይሰጥ ውኃው መጣና ሁለቱንም ዘጋቸው።

ይህን ለአባቱ እንዴት ይንገራቸው? «ጥቁር አፈርዎ ዓሣ አይወደውም፤ የአዳነን ድንጋይ ነው የሚወደው» ብሎ? ቁስላቸው ያልጠገገ ሰው ላይ?

ስለዚህ ዝም ብሎ ወርዶ፣ ሾላው ከነበረበት ወደ ታች ወረወረ። በማግስቱም ወረወረ። አሁንም፣ አመዳዩ ከሣሩ ላይ እየቀለጠ ባለበት በዚህ ጠዋት፣ እየወረወረ ነው። ዜማው ሞተበት። ባዶ ሆዱን ብርድ ሲገባው ሆዱ በፈንታው ማንጎራጎር ጀመረ። ትናንት ማታ አባቱ ለጸሎት ሊቆሙ ሲነሱ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከመደቡ ላይ ሲቀመጡ አይቷል። ያልወደቁት የትነበርሽ ስለያዘቻቸው ነው።

የሻው ክሩን ሰበሰበ። ሊጡ ከመንጠቆው ላይ እንዳለ ነው፤ አንድ ዓሣ እንኳ አልቀመሰውም።

«እሺ» አለ ጮክ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን። «እሺ! አስፈቅዳለሁ!»

አያ አዳነ ማሳቸው ከሰመጠ ወዲህ ጠዳ ውስጥ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። የሻው ሲደርስ ከቤቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በጋቢ ላይ ኮት ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቀና ብለው አዩት፤ አወቁት፤ እንዳላወቁትም ሆኑ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአምሐ ነኝ፣ አያ አዳነ። የሻው።»

«የቱ አምሐ?»

«ምነው አያ አዳነ! አምሐን አያውቁትም?»

«አምሐ ብዙ ነው። ያ አፈሩን እያነሳ የሚያሸተው አምሐ ነው?»

የሻው ከንፈሩን ነከሰ። «እሱ ነው።»

«እ። ታሟል አሉ። አልሞተም?»

«አልሞተም።»

«ግትር ነው፤ በቀላሉ አይሞትም። ምን ፈልገህ ነው?»

«ፈቃድ ልጠይቅ ነው። ከካቡ ሥር ዓሣ ላጠምድ።»

«ውኃው የመንግሥት ነው። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ደግሞ ዓሣ የሚባል ነገር እኔ ዘርቼ አላውቅም።»

እዚህ ላይ የሻው ትዕግሥቱ አለቀ። ከበረንዳው ደረጃ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና ሁሉንም አፈሰሰው። ሐኪሙን፣ ወተት የጠጣችውን ድመት፣ የፒያሳውን ዓሣ፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ፣ ደም ያለውን ትል፣ የሟሟውን ጤፍ፣ ከዚያም ሦስቱን ቀረሶዎች። «ከአፉ ሊገባ ስንዝር ሲቀረው» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ስንዝር ሲቀረው የት ያዝከው አለኝ! ከካቡ ሥር አልኩት። ካቡ የአዳነ ነው፣ ሳታስፈቅድ የያዝከውን አልበላም ብሎ ገፋው። ይኸው ጦሙን ተኝቷል! እኔ ምን ላድርግ? ውኃውን አድርቄ ድንበር ላስምር?»

አያ አዳነ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ምን አለ?» አሉ።

«አልበላም አለ!»

«እሱን አላልሁህም። ካቡ የማን ነው አለ?»

«የአዳነ ነው አለ።»

«በአንደበቱ?»

«በአንደበቱ ነዋ። የትነበርሽም ሰምታለች።»

«ከካቡ ሥር ያለችውስ?»

«እሷንም። ዓሣዎቹን የያዝኳቸው ከእሷ ላይ ነዋ።»

ሽማግሌው ወደ ግድቡ አቅጣጫ ተመለከቱ፤ ከዚያ ሆኖ ውኃው ባይታይም። ዳኞች ሁሉ ሊያወጡት ያልቻሉት ቃል፣ ጠበቃ ያልከፈተው አፍ፣ አንድ ሰሃን ዓሣ ቢቀርብለት እንዲህ ወለል ብሎ ተከፈተ? ሳቅ መስሎ የጀመራቸው ነገር ሳል ሆኖ አለቀ።

«ጫማዬን አምጡልኝ!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ።

«እርስዎ መምጣት አያስፈልግዎትም፣ ፈቃድዎን ብቻ...»

«ማሳዬን ለማያውቀው ሰው ለቅቄ እዚህ ልቀመጥ? ካቡ የት ላይ እንደሚታጠፍ ታውቃለህ? አታውቅም። ተነስ!»

የሻው እፎይ የሚልበት ጊዜ የመጣ መስሎት ነበር። አልመጣም። እስከ ዳገቱ ግማሽ በባጃጅ ሄዱ፤ ባጃጁ ሲንገጫገጭ አያ አዳነ ሾፌሩን ተቆጡ። የቀረውን በእግር ሲወጡ በየጥላው እያረፉ፣ በየዕረፍቱ የካቡን ታሪክ ከድንጋይ ድንጋይ እየቆጠሩ ነገሩት። ግድቡ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ማለት ጀምራለች፤ ለቀረሶ ደግ ሰዓት ነው። የሻው ቸኩሎ ሊጡን ጠቅልሎ ሰካ፤ ወረወረ።

«እዚያ አይደለም» አሉ አያ አዳነ።

«ባለፈው እዚህ ነው የያዝኩት።»

«ባለፈው ሰርቀህ ነው። ዛሬ በባለቤቱ ነህ። ወደ ቀኝ፤ ካቡ የሚታጠፍበት አለ፤ በጋ በጋ ጥጃ የማስርበት። ነፋስ አይገባውም። እኔ ጥጃ ብሆን እዚያ ነበር የምተኛው።»

«ዓሣ ጥጃ አይደለም፣ አያ አዳነ።»

«ብርድ ለሁሉም ብርድ ነው።»

የሻው በንዴት ክሩን ስቦ ወደ ቀኝ ወረወረ። ተንሳፋፊው ውኃውን ሲነካ የተፈጠሩት ክቦች እየሰፉ ሄደው ገና ዳር ሳይደርሱ፣ የጫማ ቁራጩ ጠለቀ።

«ሳበው!» አሉ አያ አዳነ በበርጩማ ፈንታ ከተቀመጡበት ድንጋይ ብድግ ብለው። «ሳበው፣ ሳበው፣ አንተ! ቀስ! ክሩ ይበጠስብሃል!»

«ክሩ አይበጠስም! ሻንጣ የምሰፋበት ነው!»

ቀረሶው ወጣ፤ ወፍራም፣ ጎኑ ወርቃማ። አያ አዳነ ጎንበስ ብለው ዓሣውን አላዩም፤ ውኃውን ነበር ያዩት። «የኔ ድንጋይ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ የኔ ድንጋይ።» የሻው ንዴቱ ለአፍታ ከደረቱ ላይ ተነሳለት። ስንት ዘመን የተናቀ መሬት፣ ከሰመጠ በኋላ እንዲህ ሲወልድ የሚያይ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል፣ ብዙ ዘፈን የሰማው የሻው ከዚያ በፊት በየትኛውም ዘፈን አልሰማውም።

ከዚያ ሽማግሌው ቀና አሉና፣ «ሊጡ ወፍሯል፤ ቀነስ አድርገህ ስካ» አሉት፤ ንዴቱም ተመለሰ።

አምስት ያዙ። የሻው የሣር ገመድ ከጉንጫቸው ሥር በስንጥባቸው አሳልፎ ሰካቸው። ሊሸከማቸው ሲል አያ አዳነ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣ። እኔ ነኝ የምገባ ይዤው።»

ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ የሻው እርምጃውን ገታ። አባቱ አያ አዳነን ካዩ፣ ቁጣው ቁስላቸውን ይከፍተው እንደሆነስ? አስፈቅዳለሁ እንጂ ሰውየውን ይዤ እመጣለሁ መች አለ?

«ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ!» አያ አዳነ ሳይጠብቁ ገቡ።

አያ አምሐ ከመደባቸው ላይ አንገታቸውን አቀኑ። ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ።

«ማነው?»

«አዳነ ነኝ።»

«የቱ አዳነ?»

የሻው ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ድንጋይ የሚያርሰው አዳነ» አሉ አያ አዳነ፣ ዓሣዎቹን ከነገመዳቸው አንጠልጥለው። «ፍሬውን ይዤልህ መጣሁ።»

የትነበርሽ ከጓዳ ብቅ ብላ እንደቆመች ቀረች። አያ አምሐ ዓሣዎቹን አዩ፤ ሰውየውን አዩ፤ እንደገና ዓሣዎቹን።

«በምን ተያዘ?»

«በተልባ። ከመሰካቱ ጀምሮ አይቻለሁ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ አልዋሽህም።»

«ከየት?»

«ከኔ ማሳ። በኔ ፈቃድ።» አያ አዳነ ከመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም ተቀመጥ አላላቸውም። «የአዳነ ማሳ ነው ብለሃል አሉ።»

አያ አምሐ ወደ የሻው ዞሩ፤ ያ ዓይን ስንት ነገር ይናገር ነበር! የሻው ጣራውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ሽማግሌው ረዥም ትንፋሽ አወጡ፤ ሲያወጡት ትከሻቸው ዝቅ አለ፣ ለብዙ ዘመን የተሸከሙትን እንዳወረዱ።

«የትነበርሽ» አሉ፣ «ምነው ትቆሚያለሽ? እንግዳ መጥቷል፤ ጥበሺ እንጂ።»

የትነበርሽ እስክትጠብስ ድረስ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየለሰለሱ ሄዱ። አያ አዳነ ስለ ቁስሉ ጠየቁ። አያ አምሐ ስለ ጉልበታቸው ጠየቁ። የሻው እንጨት አቀበለ፣ ውኃ ቀዳ፣ ሎሚ ፈለገ፣ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዞ በየተራ አስታጠበ፤ ሰሃኑ ሲቀርብ ከመደቡ ፊት ማስታጠቢያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

አያ አምሐ አንዷን ቀረሶ ከጎኗ ቆረሱ። አጥንቷን ለዩ። በእንጀራ ጠቀለሉ። ጎረሱ። አላመጡ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ዳኛ።

«ድንጋይ ድንጋይ ይላል» አሉ።

«ብላ ዝም ብለህ!» አሉ አያ አዳነ።

ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛ። «የኔ አፈር ላይ ቢያዝ ይወፍር ነበር» አሉ፣ አፋቸው ሞልቶ። አያ አዳነ ሊመልሱ ሲሉ እሳቸውም አፋቸው ሞልቶ ነበርና ነገሩ በማኘክ ውስጥ አለፈ። የመጀመሪያዋ ዓሣ አለቀች። የአያ አምሐ እጅ ወደ ሁለተኛዋ ሄደ፤ ጣቶቻቸው አልቆሙም። የትነበርሽ ከጓዳው በር ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ የሻው አየ፤ ከማየቱ በፊት የራሱ ዓይን ሞልቶ ነበር።

«አንተ ደግሞ ምነው ማስታጠቢያ ታቅፈህ ትገተራለህ?» አሉ አያ አምሐ፣ ሳያዩት። «ቁጭ ብለህ ብላ እንጂ! የሚያይ ሰው ካለ እህል አይወርድም።»

የሻው ማስታጠቢያውን አስቀመጠ። ሊመልስ የፈለገው ብዙ ነበር፤ ሰሞኑን ሁሉ ያጠራቀመው፣ ስለ ትሉ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለዚያ ሁሉ ጠዋት ብርድ። ሁሉንም ትቶ ከሁለቱ ሽማግሌዎች መሐል፣ ከመሬት፣ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። የትነበርሽ ለእሱ ለይታ ያስቀመጠችለትን ዓሣ ከነትኩስነቱ አመጣችለት። ጅራቱን ቆረሰ፤ ጣቱን አቃጠለው፤ እፍ ሳይል ጎረሰው።